የፖርቶ መጋላው ብሎንና የፊዚክስ ትምህርታችን

አንድን ነገር በእርግጥ ማወቃችን የሚፈተነው ፈትተን መልሰን ማሰር የቻልን እንደሆነ ነው። ይህን ለማለት ያበቃኝ የብዙ ዓመታት መምህርነት አይደለም። በደጎሎ ከተማ በአንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ጣሪያ ላይ ያሳለፍሁት አንድ ከሰዓት በኋላና የማግሥቱ ጧት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ የፖርቶ መጋላ ብሎን መፍታትና መተካት ነው። ይሁን እንጂ ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህች ትንሽ ነገር ተነሥቼ ስለ ትምህርታችን አንድ ቅሬታና አንድ ሐሳብ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ።

ባለፈው ጥር የፈተና እርማት እንዳበቃ ዘመዶቼን ለመጠየቅ ከደሴ ተነሥቼ በወረኢሉ በኩል ወደ ጃማ ወረዳ እጓዝ ነበር። መኪናው የአጎቴ ልጅ ሲሆን የሚነዳውም እርሱ ነው። ጣሪያው ላይ ሁለት ኩንታል ያህል ዕቃ ጭነናል። ደጎሎ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን የበግ መንጋ በድንገት መንገዱን አቋርጦ ገባ። ከመንጋው ኋላ ደግሞ ዱላውን በትከሻው ያጋደመ አንድ እረኛ ልጅ ነበር። ፍሬን ሲያዝ መኪናው ቆመ፤ ፖርቶ መጋላው ግን አልቆመም። ከነጭነቱ ወደ ፊት ተንሸራትቶ የግራው የፊት እግሩ ከጣሪያው ጠርዝ ወጣና በመስታወቱ ላይ አዘነበለ። ልጁ ከመኪናው አፍንጫ የሦስት እርምጃ ያህል ርቀት ላይ ቆሞ ሽቅብ ያየን ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። ነገር ግን የፖርቶ መጋላው የቀኝ እግሮች ባይዙት ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ ስሜት እጽፈው ነበር፤ ወይም ጨርሶ አልጽፈውም ነበር።

ደጎሎ ገብተን ጭነቱን ካወረድን በኋላ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። በዚያ ዘመን እንደተሠሩት መኪናዎች ሁሉ የዚህም ጣሪያ ዙሪያውን የዝናብ ውኃ የሚወርድበት አሸንዳ አለው። ፖርቶ መጋላው በአራት እግሮቹ በዚህ አሸንዳ ላይ ያርፋል፤ እያንዳንዱም እግር በሁለት ብሎኖች አሸንዳውን ነክሶ ይይዛል። ስለዚህ ስምንት ብሎኖች ሊኖሩ ይገባ ነበር። ያገኘሁት ስድስት ነው። የሰባተኛው ቦታ በጥቁር ሽቦ ታስሯል፤ የስምንተኛው ቀዳዳ ባዶ ነው። ከስድስቱ ሦስቱ ራሳቸው በ12 ቁጥር ቁልፍ የሚፈታ ነበር፤ የቀሩት ሦስቱ ግን በ13። ይህ ልዩነት ራሱ ታሪክ ይናገራል። የጃፓን መኪና ሠሪዎች ለ8 ሚሊ ሜትር ብሎን በብዛት ባለ 12 ራስ ሲጠቀሙ፣ በየሱቁ የምናገኘው ብሎን ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለ 13 ራስ ነው። እንግዲህ ሦስቱ ከመኪናው ጋር የመጡ፣ ሦስቱ ደግሞ በየጊዜው ከየሱቁ የተተኩ ናቸው ማለት ነው።

በአቅራቢያው ወደነበረ ጋራዥ ሄድን። ዕድሜው ከ20 የማይበልጥ አንድ ወጣት ብሎኖቹን አየና ናፍጣ ጠብ ጠብ አደረገባቸው፤ ራስ ራሳቸውንም በመዶሻ ቀስ እያለ መታ መታ አደረገና፣ «ጋሼ፣ ይደር» አለኝ። እኔ ግን በማግሥቱ መካነ ሰላም የመድረስ ዕቅድ ነበረኝ። ቁልፉን ተቀበልሁና እጀታው ላይ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ አስገብቼ አስረዘምሁት። የማንሻ ሕግ ከአርኪሜዲስ ጀምሮ የታወቀ አይደለምን? ክንዱ ሲረዝም ጉልበቱ ይበዛል። በዛም፤ ብሎኑ «ቀጭ» ብሎ ራሱ እጄ ላይ ቀረ፤ አካሉ ግን ከተበየደው ዳዶ ውስጥ እንደተቀበረ ቀረ። ወጣቱ አልሳቀብኝም። «ምንም አይደል ጋሼ፣ ነገ አወጣዋለሁ» አለና መሣሪያውን ሰበሰበ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይህ ነው።

በማግሥቱ ጧት አምስቱን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታቸው። ሲጀምር ወደ መፍቻው አቅጣጫ አላዞረም፤ መጀመሪያ በጣም ጥቂት ወደ ማጥበቂያው ገፋ፣ ከዚያ ወደ መፍቻው መለሰ፤ እንደገና አጠበቀ፣ እንደገና ፈታ። እኔ የሰበርሁትን ደግሞ እግሩን ከነዳዶው አውርዶ መሐሉን ነጥብ መታበት፣ በትራፓን በቀጭኑ በሳና ቅሪቱን አወጣ። ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ስጠይቀው «እንዲህ ሲሆን ነው የሚወጣው» አለኝ። እኔ ምክንያቱን አውቅ ነበር፤ እርሱ አሠራሩን ያውቃል። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የተጠቀለለ ተዳፋት

ብሎን ማለት በእንጨት ላይ እንደተጠቀለለ ወረቀት በዘንግ ላይ የተጠቀለለ ተዳፋት ነው። የወሎን ተራሮች በመኪና የወጣ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። መንገዱ ተራራውን እየዞረ የሚወጣው በቀጥታ መውጣት ስለማይቻል ነው። በ8 ሚሊ ሜትር ብሎን ላይ አንድ ሙሉ ዙር 1.25 ሚሊ ሜትር ከፍ ያደርጋል፤ የዙሩ ርዝመት ደግሞ በአማካይ 22.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህም 100 ሜትር ተጉዞ 5.5 ሜትር ብቻ ከሚወጣ መንገድ ጋር ይተካከላል። ብረት በብረት ላይ ያለው ሰበቃ ከዚህ ተዳፋት እጅግ ስለሚበልጥ የጠበቀ ዳዶ በራሱ ወደ ኋላ አይንሸራተትም። በመማሪያ መጻሕፍታችን «ሰበቃ የለም እንበል» እየተባለ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚሰናበተው ሰበቃ ባይኖር ኖሮ በዓለም ላይ የታሰረ ብሎን ሁሉ በተለቀቀ ነበር።

ብዙዎች ብሎን ጭነቱን የሚይዘው በአካሉ፣ እንደ ካስማ ቆሞ ይመስላቸዋል። ሽቦም ሊተካው ይችላል የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። በደንብ የጠበቀ ብሎን በጥቂቱ የተለጠጠ ጸደይ ነው፤ ሊሰበሰብ ሲታገል ሁለቱን ብረቶች አጣብቆ ይጫናቸዋል። የሚይዘው ይህ ጭነት የፈጠረው ሰበቃ ነው። በ8 ሚሊ ሜትር ብሎን ላይ 25 ኒውተን ሜትር ያህል ብናጠብቅ፣ ብሎኑ ወደ 15,000 ኒውተን በሚጠጋ ኃይል ይወጠራል፤ ይህም የ1.5 ቶን ክብደት ነው። የሰበቃውን ቁጥር 0.2 ብንወስድ አንዱ ብሎን ብቻውን 3,000 ኒውተን የሚያህል የጎን ግፊት ይመክታል።

አሁን ወደ በጎቹ እንመለስ። 200 ኪሎ ግራም ጭነት በሰከንድ በሰከንድ 6 ሜትር እየቀነሰ እንዲቆም የሚያስፈልገው ኃይል 1,200 ኒውተን ነው። አንድ፣ አዎን አንድ በደንብ የጠበቀ ብሎን ይበቃው ነበር። ከስድስቱ ብሎኖቻችን ግን የግራዎቹ ላልተው ነበርና የሚያጣብቁት ነገር አልነበረም። ሽቦው ደግሞ የቱንም ያህል ቢጠመዘዝ አንድ ቶን ተኩል ሊወጥር አይችልም።

ዝገትና ትዕግሥት

ብረት ሲዝግ መጠኑ ይጨምራል። ዝገቱ ከተፈጠረበት ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚደርስ ቦታ ስለሚይዝ በብሎኑና በዳዶው ጥርሶች መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ እንደ ሽብልቅ ያጣብቃቸዋል። ይሁን እንጂ ዝገት ተሰባሪ ነው። ወጣቱ በመዶሻ መታ መታ ያደረገው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት ጥቂት ያዞረው ይህንኑ ለመሰንጠቅ ነው። ቧንቧ አስገብቶ ባንድ አቅጣጫ መጎተት ግን ከዝገቱ አስቀድሞ ብሎኑን ራሱን ይሰብራል፤ እኔ እንዳደረግሁት።

ናፍጣውስ ለምን ማደር አስፈለገው? ፈሳሽ በጠባብ ክፍተት ውስጥ በገጽ ውጥረት እየተሳበ ይገባል፤ ወደ ላይም ቢሆን። ክፍተቱ በጠበበ መጠን የሚስበው ኃይል ይበረታል፤ ዳሩ ግን የፈሳሹ ዝልግልግነትም በዚያው መጠን ጉዞውን ያዘገየዋል። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ኤድዋርድ ዋሽበርን እ.ኤ.አ. በ1921 እንዳሳየው ፈሳሹ የሚጓዘው ርቀት የሚያድገው ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር ነው። ስለዚህ ሁለት እጥፍ ርቀት ለመግባት አራት እጥፍ ጊዜ፣ ሦስት እጥፍ ለመግባት ዘጠኝ እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ጥርስ በደቂቃዎች ቢርስ የመጨረሻው ሰዓታት ይፈጃል። «ይደር» የሚለው ቃል የዋሽበርን ሕግ ነው። እኔ ቀመሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ግን በዚያች ከሰዓት በኋላ ትዝ ያለኝ የማንሻው ሕግ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ለጥንቃቄ ሁለት ነገር ልጨምር። አንዳንዶች የፍሬን ዘይት ይጠቀማሉ፤ ይህ ቀለም ይልጣል፤ የተላጠው ቦታ ደግሞ የነገ ዝገት ነው። ሌሎች እሳት ያቀርባሉ፤ ሙቀት ዳዶውን ስለሚያሰፋ በመርሕ ደረጃ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ናፍጣ በፈሰሰበትና ከቆርቆሮው ሥር የሚቀጣጠል የጣሪያ ልባስ ባለበት ቦታ እሳት ማቅረብ መኪናውን ማቃጠል ነው።

«እስኪበቃው» ማለት ስንት ነው?

አዲሶቹን ብሎኖች ለመግዛት ወደ ሱቅ ስንሄድ ሌላ ጉዳይ ተነሣ። በብሎን ራስ ላይ የሚታተም ቁጥር አለ። 8.8 የሚል ከሆነ ብረቱ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ሳይበጠስ ይችላል፣ ከዚህም 80 በመቶው ማለትም 640 ኒውተን እስኪደርስ ድረስ ሳይበላሽ ወደ ርዝመቱ ይመለሳል ማለት ነው። 4.8 የሚለው ግን 320 ላይ ተለጥጦ ይቀራል። ሁለቱ ሲታዩ መንትዮች ናቸው፤ አንዱ የሌላው ግማሽ ነው። ቁጥር የሌለው ብሎን ደግሞ ምን እንደሆነ የሚያውቀው የለም። የ15,000 ኒውተን ውጥረት በ4.8 ብሎን ላይ ከአቅሙ በላይ ስለሆነ ወይ ተለጥጦ ይላላል ወይም ይበጠሳል። በጥርሱም መጠንቀቅ ይገባል። በ10 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ዘንድ ለምሳሌ 1.25 እና 1.5 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያላቸው አሉ፤ አንዱን በሌላው ዳዶ በግድ ማስገባት ሁለቱንም ማጥፋት ነው። ብሎን በእጅ ጣት ሁለት ሦስት ዙር የማይገባ ከሆነ በቁልፍ ማስገደድ አይገባም።

ከዚያ የማጥበቁ ጥያቄ መጣ። ወጣቱ «እስኪበቃው» አለ። ልምድ ያለው እጅ የሚያውቀው ልክ አለው፤ ሆኖም ያ ልክ ከሰው ሰው፣ ከቁልፍ ቁልፍ ይለያያል። ብሎን ስናጠብቅ ከምናወጣው ጉልበት ወደ 50 በመቶው በራሱ ሥር ባለው ሰበቃ፣ ወደ 40 በመቶው በጥርሶቹ ሰበቃ ያልቃል፤ ብሎኑን ለመወጠር የሚተርፈው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥርሱን ግሪስ ቀብተን እንደ ደረቁ ብናጠብቀው ከሰበቃው የተረፈው ሁሉ ወደ ውጥረት ይሄድና ብሎኑን ያለ ልክ ይወጥረዋል። ግሪስ መልካም ነው፤ ዝገትን ይከላከላል፤ ግሪስ ያለበትን ግን ቀለል አድርጎ ማጥበቅ ግድ ነው።

በመጨረሻም መንቀጥቀጥ አለ። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳረጋገጠው ብሎንን ከሁሉ ይልቅ የሚያላላው በርዝመቱ የሚመጣ ግፊት ሳይሆን ከጎን ወደ ጎን የሚያወዛውዘው ነው። በዚያ ውዝዋዜ ሰበቃው ለቅጽበት ስለሚሸነፍ ዳዶው በትንሽ በትንሹ ወደ ኋላ ይዞራል። ኮረኮንች መንገድ በፖርቶ መጋላ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የተሰነጠቀው የጸደይ ሮንዴላ ይህን ያስቆመዋል ብሎ መተማመን አይገባም። ውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው ዳዶ ይሻላል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን በቂ ውጥረትና ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ በኋላ እንደገና መፈተሽ ነው።

ሁለቱ ቤቶች

እንግዲህ ቅሬታዬን ልናገር። በአገራችን ስለ ብሎን ያለው እውቀት በሁለት ቤቶች ተከፍሎ ይኖራል፤ ቤቶቹም አይጠያየቁም። በአንደኛው ቤት ተዳፋት፣ ሰበቃ፣ የጥምዘዛ ኃይል በእንግሊዝኛ ይነገራሉ፤ ተማሪው ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት ያልፍና ስለ የትኛው ዕቃ እንደተማረ ሳያውቅ ይቀራል። በሁለተኛው ቤት ከጣሊያንኛ በወረስናቸው ቃላት ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ፖርቶ መጋላ ይባላል፤ ሠሪው እጁ ያውቃል፤ ነገር ግን እጁ ለምን እንደሚያውቅ የነገረው የለም። ስለዚህ ግሪስ ሲቀባና ሳይቀባ እኩል ያጠብቃል፤ 4.8 እና 8.8ን ይቀላቅላል። ከሁለቱ ቤቶች መካከል ደግሞ በበጎቹ ኋላ የሚመጣ አንድ ልጅ ቆሞአል። ስለ ትምህርት ጥራት ስንነጋገር የምናጣው እርሱን ይመስለኛል።

«ዩኒቨርሲቲ ጋራዥ አይደለም፤ ለዚህ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት አሉ» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። በከፊል እውነት አላቸው። የፊዚክስ ምሩቅ ሁሉ መካኒክ ይሁን አላልሁም። ነገር ግን ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1841 የመጀመሪያውን የብሎን ጥርስ ደረጃ ያቀረበው እንዴት ነበር? ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ወርክሾፕ የየራሱን ጥርስ ስለሚያወጣ የአንዱ ዳዶ ለሌላው አይሆንም ነበር። ዊትዎርዝ ከብዙ ወርክሾፖች ብሎኖችን ሰብስቦ ለካና ከመካከላቸው የሚስማማውን መረጠ። ዛሬ ለዓለም የተለመደው አስተሳሰብ የመነጨው ከሰሌዳ ብቻ አይደለም፤ ወደ ወርክሾፕ ገብቶ በትሕትና ከመለካት ነው።

ሌላው መልስ «የሚለካ ቁልፍ ውድ ነው፤ የገጠር ጋራዥ ከየት ያመጣል?» የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። ሐሳቤን የማቀርበውም ከዚህ ላይ ነው። በየገበያው ተንጠልጥሎ በሚመዝን የጸደይ ሚዛን መጠቀም ይቻላል። ከብሎኑ መሐል 25 ሳንቲ ሜትር በሚርቅ የቁልፉ እጀታ ላይ ሚዛኑን አስረን፣ ለእጀታው ቀጥ ባለ ማዕዘን ብንጎትትና ሚዛኑ 10 ኪሎ ሲያሳይ ብናቆም፣ የተጠቀምነው 24.5 ኒውተን ሜትር ነው። ለ8 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 8.8፣ ደረቅ ብሎን የምንፈልገው ይኸው ነው። በዚያች ጧት እኔና ወጣቱ ያደረግነው ይህን ነበር። እርሱ በእጁ «ይበቃዋል» ባለበት ላይ ሚዛኑ 9 ኪሎ ተኩል አሳየ። እኔ በእጄ «ይበቃዋል» ባልሁበት ላይ ግን ከ16 ኪሎ አልፎ ነበር። ያን ጊዜ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን ግሪስ ቀብተን ስንሞክር የእርሱም እጅ ልኩን አላወቀውም፤ በዚያው 9 ኪሎ ተኩል አጠበቀ። ከላይ ያለውን የሰበቃ ነገር ዘርዝሬ ነገርሁት። ጥቂት አሰበና «ለካ ግሪስ የቀባኋቸው የሚበጠሱብኝ ለዚህ ነው» አለ። እርሱ ያልተማረውን እኔ፣ እኔ ያልለመድሁትን እርሱ አሟላን። ስምንቱንም ብሎኖች ጨረስን።

ስለዚህ ሐሳቤ የሚከተለው ነው። የፊዚክስ ክፍሎቻችን በመጀመሪያው ዓመት ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሚያሠሯቸው ሙከራዎች አንዱ ይህ ይሁን፦ አንድ ብሎን፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ የጸደይ ሚዛን፤ በደረቅና በግሪስ፣ እስኪበጠስ ድረስ። ዋጋው ከአንድ ሣጥን ጠመኔ ብዙም አይበልጥ። ሙከራውንም ተማሪው በአቅራቢያው ወዳለ ጋራዥ ይዞ ይሂድ፤ የሠራተኞቹን እጅ ይለካ፤ ያገኘውንም በሚገባቸው ቋንቋ፣ ብሎኑን ብሎን፣ ዳዶውን ዳዶ ብሎ ይንገራቸው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ መካነ ሰላምም ሆነ ቱሉ አውሊያ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ባለበት ሁሉ ጋራዥ አይጠፋም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም መምህራቸውን ጠይቀው ሊያደርጉት ይችላሉ።

እስከዚያው ግን ለጉዞ ስትነሡ አንድ ነገር አድርጉ። ዕቃ ከተጫነበት ጣሪያ ሥር ከመግባታችሁ በፊት ፖርቶ መጋላውን በእጃችሁ ያዝ አድርጋችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ሽቦ ካያችሁ፣ ባዶ ቀዳዳ ካያችሁ፣ ለሾፌሩ ወይም ለረዳቱ በአክብሮት ንገሩት። ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ። ፊዚክስ ተምረናል የምንል ከሆነ ዕውቀታችን ቢያንስ በመንገድ ላይ ለሚያልፈው እረኛ መድረስ አለበት።